ኤርፉርትን በጓሮ በኩል

ሰሞኑን ጀልባ ማቆሚያው ጋ ቁጭ ብለን ነው ነገሩ የተነሳው። ቱሪስት የሚባል የለም፣ ጣና ጸጥ ብሏል፣ ራቅ ብሎ አንድ ሰውዬ ታንኳው ላይ ሆኖ መረቡን ይሰበስባል፣ እኛ ደሞ ሻያችንን ይዘን የማይመጣ እንግዳ እንጠብቃለን። ጀልባውን የሚነዱት ጋሼ ድንገት ዞር አሉና "እሺ፣ ጀርመን ሄደ ሄደ ተባለ፣ ምን አይተህ መጣህ?" አሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ ካቴድራሉን፣ ድልድዩን፣ ሉተርን ልደረድርላቸው አፌን ስከፍት አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ የተፈረፈረ ግድግዳ ነው። "ጭቃ ቤት አየሁ" አልኳቸው። "ለጭቃ ቤትማ ዜጌ አይቀርብህም ነበር?" ብለው ሳቁብኝ፣ የሳቁትም ገና አላለቀላቸውም፣ ሰው በመጣ ቁጥር ያወሩታል። ስለዚህ ለሁሉም አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ለማታውቁኝ፣ ጋይድ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ጀልባ ላይ እየጫንኩ ኡራ ኪዳነ ምህረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ክብራን ገብርኤል፣ ከሰዓት ጭስ አባይ፣ ማታ አሳ፣ ጠዋት ኤርፖርት፣ ስራዬ ይሄው ነው። እንግዳው አንድ ነገር ላይ ቆም ካለ ሰዓቴን አያለሁ። ስለዚ የአክስቴ ልጅ (እዛ ነርስ ናት፣ ስምንት ዓመቷ፣ ከኔ ትበልጣለች፣ እታለም ነው የምላት) "መጥተህ ሶስት ሳምንት እረፍ" ብላ የግብዣ ወረቀቱን ስትልክልኝ በልቤ የማልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ማንም ጃንጥላ ይዞ እንዳይመራኝ። በእግሬ፣ ብቻዬን፣ ያሰኘኝ ጋ እየቆምኩ። ስለ ቪዛው አልጽፍም፣ ጾም ላይ ስለሆንን ምላሴን ልያዝ።

ኤርፉርት ጀርመን መሃል ላይ ያለች የቱሪንጊያ ግዛት ዋና ከተማ ናት፣ ህዝቧ ከ200 ሺህ ትንሽ ይበልጣል፣ ማለት ከባህር ዳር ታንሳለች። ስሟ በጽሁፍ መጀመሪያ የተገኘው በ742 ነው (ወሮቹንም ዓመቶቹንም በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው፣ እየቀነሳችሁ አንብቡ)። የደረስኩት ህዳር መጨረሻ ላይ ነው፣ የገና ገበያ በተከፈተ ሰሞን። ካቴድራሉ ስር ያለው ትልቁ ሜዳ በእንጨት ሱቆች ተሞልቷል፣ ከላይ በ70 ደረጃ የሚወጣባቸው ሁለት ቤተክርስቲያኖች ጎን ለጎን ተገትረዋል፣ አንደኛው ማማ ውስጥ በ1497 የተቀለጠ ከ11 ቶን በላይ የሚመዝን ደወል አለ፣ ሁሉም ያምራል። ችግሩ ጭሱ ነው። የዚያ አገር ሰው በቋሊማ የሚኮራው እኛ በጠጅ እንደምንኮራው ነው፣ ከሰል ላይ ክንድ የሚያክል ቋሊማ ረድፍ በረድፍ ይጠበሳል፣ ስቡ ይንጫጫል፣ እኔ ደሞ የገና ጾም ላይ ነኝ። አንድ ሰዓት ብቻ ነው የቻልኩት። በሁለተኛው ቀን "እታለም፣ ይሄ ሽታ የማይደርስበት ሰፈር የለም?" ስላት "ከሰው ጀርባ ሂድ" አለችኝና ወደ ስራዋ ሄደች። ሰው የሚጎበኘውን ትቼ ጓሮ ጓሮውን መዞር የጀመርኩት እንግዲህ በፍልስፍና ምናምን ሳይሆን በቋሊማ ምክንያት ነው።

ስንቄ ባቄላ ነበር። እማዬ ጾም ላይ ፈረንጅ ሀገር ምን ይበላል ብላ ሁለት ኪሎ የተቆላ ባቄላ በፌስታል፣ ፌስታሉን በጨርቅ፣ ጨርቁን በሌላ ፌስታል አርጋ ሻንጣዬ ስር ቀብራልኛለች። ጠዋት ጠዋት አንድ እፍኝ የጃኬቴ ኪስ ውስጥ እጨምርና እወጣለሁ። በዚያ ብርድ እጅህን ኪስህ ስትከት የምትነካው ነገር ከቤት የመጣ ሲሆን ደስ ይላል።

የሻጮች ድልድይ ልበለው፣ ክሬመርብሩከ ይሉታል። ከተማዋ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሄድበት ቦታ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ቀን ሄጄበታለሁ፣ ግን ልንገራችሁ፣ ድልድይ ላይ መሆኔን አላወቅኩም። ግራና ቀኝ ቤት ነው፣ ታች ቸኮሌትና ጌጥ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ፣ መሃሉ ላይ ጠባብ የድንጋይ መንገድ፣ ወንዝ የሚባል የለም። "ድልድዩ የት ነው?" ብዬ አንዱን ስጠይቀው ወደ እግሬ አመለከተኝ። 120 ሜትር ያህል ነው፣ በድንጋይ የተሰራው በ1325፣ ያኔ ላዩ ላይ ከ60 በላይ ቤት ነበረ፣ ዛሬ 32 ቀርቷል፣ ሰው ይኖርበታል፣ መስኮት ላይ አበባ አለ። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው "የኛ አዲሱ 380 ሜትር ነው" ብለው ዘጉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ በ2016 ግንቦት (ይሄኛው በኛ ነው) የተመረቀው የአባይ ድልድይ ሶስት እጥፍ ይሆነዋል፣ ግን የኛው ላይ ቤት ሰርቶ የሚኖር የለም።

ድልድዩ የሚታየው ከኋላ ነው። በስተሰሜን በኩል ወንዙ ዳር ትወርዱና ትንሽ ሳር ያለበት መሬት አለ፣ እዛ ላይ ቆማችሁ ዞር ስትሉ፣ በቃ። ቤቶቹ ከድልድዩ ወጣ ወጣ ብለው በእንጨት ድጋፍ ውሃው ላይ ተንጠልጥለዋል፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ያዘመመ፣ ከስር የድንጋይ ቅስቶቹ፣ ከቅስቶቹ ስር ጌራ የሚባለው ወንዝ፣ ወንዝ ከተባለ፣ ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ውሃ ነው፣ ዳክዬ ቆሞበታል። በአንዱ ኋላ መስኮት ሴትየዋ ምንጣፍ ታራግፋለች። ፊት ለፊት ላይ ቸኮሌት፣ ጓሮው ላይ ምንጣፍ። እዛ ጋ ስቆም ማንም አልነበረም፣ ከላይ ግን የሰው ጫማ ሲንኳኳ ይሰማል። ለዘጠኝ ዓመት እንግዶቼን ከላይ ብቻ ስወስዳቸው እንደነበር ገባኝና ትንሽ አፈርኩ።

ሶስተኛው ቀን ላይ ስልኬ ሞተ። ብርድ ባትሪ እንደሚገድል አላውቅም ነበር፣ ሰላሳ ፐርሰንት እያለ ድንገት ጥፍት። ማፕ የለ፣ እታለም ስራ ላይ ናት፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ደሞ ይመሻል፣ በኛው አስር ሰዓት። እና የዚያች ከተማ መንገድ እንደ አንጀት ነው። ቀጥ ብሎ ይጀምርና ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ይጠብባል፣ የሆነ ሰው በር ላይ ያደርሳችሁና ያበቃል። እዚ ላይ የሚያስቀኝ ነገር ምን መሰላችሁ፣ የባህር ዳርን ማስተር ፕላን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሰራው ማክስ ጉተር የሚባል ጀርመናዊ ፕሮፌሰር ነው። ያ ሰፊ፣ ዘንባባ የተተከለበት፣ ጫፉ ላይ ያለው ባጃጅ ከዚህ የሚታይበት አውራ ጎዳናችን ማለት ነው። ለኛ በማስመሪያ ቀጥ አርገው ያሰምሩልናል፣ ለራሳቸው እቺን ጠማማ መንገድ አስቀምጠው በነፍስ ይጠብቋታል። የድንጋይ ንጣፉ ደሞ ሲረጥብ ሳሙና ነው፣ ሁለቴ ወደቅኩ፣ አንዴ እንኳ በክብር አልወደቅኩም።

ያዳነኝ የቤተክርስቲያን ማማ ነው። ኤርፉርትን ድሮ ባለ ማማዎቿ ይሏት ነበር፣ የትም ሆናችሁ ቀና ስትሉ ሁለት ሶስት ይታያል፣ ስለዚ እኔም ጣና ላይ ደሴት እያየሁ እንደምሄደው አንዱን ማማ በቀኜ፣ አንዱን በኋላዬ እያረግኩ አንድሬያስ ሰፈር የሚባል ውስጥ ገባሁ። የድሮ የእጅ ሙያተኞች ሰፈር ነው፣ ቤቶቹ አጫጭር፣ በሮቹ ዝቅ ያሉ፣ ብስክሌት ግድግዳ ላይ የተደገፈበት፣ ድመት መስኮት ላይ የተኛችበት። ከገና ገበያው አስር ደቂቃ እንኳን አይሆንም፣ ግን ጸጥ እርጭ ነው፣ የቋሊማ ሽታም የለም።

ጭቃ ቤቱ እዚ ነው ያለው። አንድ የሚታደስ ቤት ነበር፣ ግማሹ በሸራ ተሸፍኗል፣ አንዱ ጥግ ላይ ግን ልስኑ ወርዶ የውስጡ ይታያል። ቀረብ ብዬ ሳየው ወፍራም ወፍራም እንጨት ቆሟል፣ በመሃሉ ቀጫጭን እንጨት ተጠላልፏል፣ በላዩ ላይ ጭቃ፣ ጭቃው ውስጥ ጭድ። ጭድ! በጣቴ ነካሁት። ያ ፖስትካርድ ላይ የምናየው፣ ጥቁር እንጨት በነጭ ግድግዳ የሆነው ቆንጆ የጀርመን ቤት፣ ውስጡ የኛው ቤት ነው። ጭቃ በእግር የተረገጠ፣ ጭድ የገባበት፣ ምርጊት። እኛ ልጆች ሆነን አያታችን ቤት ሲመረግ እግራችን እስከ ጉልበት ጭቃ ገብቶ ስንረግጥ የነበረውን አስታወስኩና ብቻዬን ሳቅኩ፣ አንድ በብስክሌት የሚያልፍ ልጅ ደንግጦ አየኝ። እኛ ጋ ጭቃ ቤት ያለው ሰው ብሎኬት እስኪያገኝ ነው የሚኖርበት፣ እነሱ ጋ ጭቃውን አውቆ የሚያድስ ባለሙያ በስንት ብር ይቀጥራሉ።

በነገራችን ላይ ሰፈሩ ሊፈርስ ነበር። የምስራቅ ጀርመን መንግስት ለሰፊ መንገድና ለአፓርታማ ሊያፈርሰው አቅዶ ቤቶቹን ጥሏቸው እየፈረሱ ነበር፣ በ1989 ታህሳስ ላይ የከተማው ሰው ወጥቶ እጅ ለእጅ ተያይዞ አሮጌውን ከተማ ከበበው። ፈረሳው ቀረ። ይሄን ሳነብ ብዙ ነገር ትዝ ብሎኛል፣ እናንተም ትዝ የሚላችሁ አይጠፋም፣ እንለፈው።

ከዚያው ሰፈር አንድ መንገድ ስም ላይ ቆምኩ፣ ፔርጋመንተርጋሰ። ስልኬ ስለሞተ አጻጻፉን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጽፌ ማታ እታለምን ጠየቅኳት። "ፔርጋመንት ማለት... ያ መጽሀፍ የሚጻፍበት ቆዳ" አለችኝ። ብራና! የብራና ፋቂዎች መንገድ ነው። አላመንኩም፣ በበነጋው ተመልሼ ሄጄ ከዳር ዳር ሁለቴ ተመላለስኩበት። አጎቴ ዜጌ ላይ ብራና ይፍቅ ነበር፣ ቤቱ በደጁ ስታልፉ ይታወቃል፣ የተዘፈዘፈ የፍየል ቆዳ ሽታ እኮ ልብስ ላይ ሶስት ቀን ይቆያል። ቆዳውን ከውሃ አውጥቶ እንጨት ላይ በገመድ ወጥሮ ያስረዋል፣ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ በጣት ስትመታው ይጮሃል፣ ከዚያ ቁጢጥ ብሎ በስለት ሲፍቀው ውሎ ማታ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ነገር ይሆናል። ሲያሳየን ወደ ጸሃይ ከፍ አድርጎ "የጅማቱን መንገድ እዩት" ይለን ነበር። የኤርፉርቱ መንገድ ዛሬ ምንም አይሸትም። የቡና ቤት ሽታ፣ የታጠበ ልብስ ሽታ። ስሙ ብቻ ነው የቀረው፣ ግን ስሙን አልቀየሩትም፣ ይሄን ወድጄላቸዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ የነበራት ከተማ ስለሆነች (በ1392 ነው የተከፈተው፣ በመሃል ተዘግቶ በ1994 እንደገና ተከፈተ) ብራና ፈላጊው ብዙ ነበር ማለት ነው።

ሽታ ካነሳን አይቀር፣ ከተማዋን ሀብታም ያደረጋት ራሱ ሽታ ነው። ቫይድ የሚባል ተክል አለ፣ ቅጠሉን ፈጭተው እንደ ኳስ አድቦልቡለው ያደርቁታል፣ ከዚያ በሽንት እያራሱ ያብላሉታል፣ ሰማያዊ ቀለም ይወጣዋል። ሽንት ነው ያልኩት፣ አልተሳሳትኩም። የዚያ ዘመን የአውሮፓ ሀብታም ሰማያዊ ልብሱን ለብሶ ሲኮራ ከስሩ ያለው ይሄ ነው። ኋላ ህንድ ሀገር የሚበቅለው ኢንዲጎ በመርከብ መምጣት ሲጀምር ንግዱ ሞተ፣ መጋዘኖቹ ግን ጓሮ ጓሮው ውስጥ ዛሬም አሉ፣ ግዙፍ ጣሪያ ላይ ትንንሽ መስኮት የተደረደረባቸው። አንዱ አሁን የአሻንጉሊት ቲያትር ነው።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ምኩራቡ ነው፣ የአይሁዶች ጸሎት ቤት። ጥንታዊው ክፍል 1094 ድረስ ይሄዳል። በ1349 የከተማው አይሁዶች ተጨፈጨፉ፣ ህንጻው እህል መጋዘን ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ደሞ ምግብ ቤት፣ የዳንስ አዳራሽ፣ ዙሪያውን ሌላ ቤት ተሰርቶበት ተዋጠ፣ ምን እንደነበረ እስኪረሳ ድረስ። የናዚ ጊዜ ሲመጣ የሚቃጠል ምኩራብ ሲፈለግ ይሄኛው ዳንስ ቤት ነው፣ ማንም አላወቀውም። ተረስቶ ተረፈ። ዛሬ በጠባብ መተላለፊያ ገብታችሁ ጓሮ ላይ ነው የምታገኙት፣ ሙዚየም የሆነው በ2009 ነው፣ በ2023 ደሞ ዩኔስኮ መዘገበው። በ1998 እዛው አካባቢ ቁፋሮ ላይ ከ3 ሺህ በላይ የብር ሳንቲምና አናቱ እንደ ቤት የተሰራ የወርቅ የሰርግ ቀለበት ተገኝቷል፣ በዚያ ጭፍጨፋ ጊዜ የሆነ ሰው የቀበረው ይመስላል፣ ተመልሶ አልወሰደውም። ቀለበቱ ፊት ለፊት ቆሜ ያሰብኩት በግራኝ ጊዜ ጽላትና መጽሀፍ ይዘው ወደ ጣና ደሴቶች የተሻገሩትን ነው፣ ለእንግዳ በቀን ሁለቴ የምተርከው ታሪክ ነው፣ ያን ቀን ግን ተራኪው እኔ ስላልሆንኩ ነው መሰል ሆዴን አባባው።

ከዚያ የከተማው ጨለማ ጎኖች። አንድሬያስ ጎዳና ላይ የድሮው የምስራቅ ጀርመን ጸጥታ መስሪያ ቤት እስር ቤት አለ፣ ላይኛው ፎቅ ክፍሎቹ እንዳሉ ናቸው። በ1989 ታህሳስ 4 የኤርፉርት ሰው፣ ሴቶቹ ከፊት ሆነው፣ የከተማውን የጸጥታ መስሪያ ቤት ሰነድ እያቃጠለ ነው ብለው ገብተው ያዙት፣ በመላው ምስራቅ ጀርመን የመጀመሪያው ነው። እታለምን አብረን እንግባ ስላት "ወንድምዓለም፣ እስር ቤት ለማየት ነው ከኢትዮጵያ የመጣኸው?" ብላ ውጭ ቀረች። ወጥተን ከካቴድራሉ ጀርባ ፔተርስበርግ የሚባለው ምሽግ ላይ ወጣን፣ ከ1665 ጀምሮ የተሰራ ነው፣ ከላይ ከተማው በሙሉ ይታያል፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳል። ከግድግዳው ስር ባለው በኩል ግን ሰው የማይሄድበት አንድ ሀውልት አለ። በረድፍ የቆሙ የብረት ምሰሶዎች ናቸው፣ ሁሉም ወታደር መስለው ቀጥ ብለዋል፣ አንዱ ብቻ የተለየ ነው። ከሂትለር ጦር ለከዳ ያልታወቀ ወታደር በ1995 የቆመ ነው አለችኝ። ለከዳ ወታደር ሀውልት። ሁለታችንም ረጅም ጊዜ ምንም ሳንናገር ቆምን፣ ስለዚህ ብዙ ባልጽፍ ይሻላል።

አሁን ወደምወደው። እዛ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው እየፈለግኩ ነበር። ሂዮብ ሉዶልፍ፣ በ1624 ኤርፉርት የተወለደ፣ የአማርኛ ሰዋስው ጽፎ በ1698 ያሳተመ ሰው። እታለም ስምንት ዓመት ኖራ ሰምታው አታውቅም፣ "አማርኛ? እዚህ?" አለችኝ። እዚህ። ግን እሱን ያስተማረው ማን ሆነና፣ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፣ የአምሃራ ሰው፣ መካነ ሥላሴ። ሮም በ1649 ተገናኙ፣ በ1652 ደሞ አባ ጎርጎርዮስ ኤርፉርት አጠገብ ያለችው ጎታ ድረስ መጡ፣ ሉዶልፍ የመስፍኑን ልጆች የሚያስተምርበት ቤተ መንግስት። ቤተ መንግስቱ ያኔ ገና አልቆ አላለቀም። ጎታ በባቡር ሃያ ደቂቃ ገደማ ናት፣ ሄድኩ፣ ያ ግዙፍ ነጭ ህንጻ ስር ቆምኩ፣ እና አንድ ሀበሻ ቄስ ከ370 ዓመት በፊት በዚህ ብርድ ምን ለብሶ ነበር የሚለውን ብቻ አሰብኩ። በኋላ ሳነብ የመጡት በበጋ ነው፣ ተገላገልኩ። ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ግን በ1658 መርከባቸው ሰጥማ አለፉ። ኤርፉርት ውስጥ ሰው የሚያውቀው ሉተርን ነው፣ በ1505 የገባበት ገዳም ሁሌ ሰልፍ አለው። እሱንም ቢሆን በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ሄዶ አግኝቶታል፣ ይሄን አንድ አስጎብኚ ሲናገር አልሰማሁም፣ እኔ ግን ከአሁን በኋላ ጀርመን እንግዳ ሲመጣልኝ ገና ጀልባው ሳይነሳ ነው የምነግረው።

ያልወደድኩትም አለ። ሰኞ ሙዚየም ዝግ ነው፣ ሁለት ሰኞ ተታልያለሁ። ቡናቸው ቡና አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ደሞ ፊቱ የተኮሳተረ የዳቦ ሀውልት አለ፣ የልጆች ቴሌቪዥን ላይ ያለ የተከፋ ዳቦ ነው፣ ሰው ተሰልፎ አብሮት ፎቶ ይነሳል፣ እሺ።

ባቄላው ጋ ልመለስ። የመጨረሻው ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ እታለም እረፍት ነበረች። ከድልድዩ ጀርባ እዛችው ሳር ያለችበት ቦታ ወሰድኳት፣ "ስምንት ዓመት በላዩ ሄጃለሁ፣ እዚህ ወርጄ አላውቅም" አለች። አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፣ ሰማንያ የሚያልፋቸው፣ ለዳክዬዎቹ የሆነ ነገር ይወረውራሉ። አጠገባቸው ተቀመጥን። እኔ ከኪሴ ባቄላ አውጥቼ መቆርጠም ጀመርኩ፣ ድምጹ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩኝ። ነውር ነውና ዘረጋሁላቸው። እታለም በክርኗ ጎሸመችኝ፣ "ጥርሳቸው!" እያለች በአማርኛ። እሳቸው ግን አንዷን አነሱ፣ ገለበጧት፣ ወደ አይናቸው አስጠጉና ሳቁ። "ፑፍቦነ!" አሉ። እታለምም ሳቀች፣ እኔ ብቻ ቀረሁ። ከዚያ ነው ያስረዱኝ፣ ለካ ኤርፉርት የተወለደ ሰው ቅጽል ስሙ ባቄላ ነው። ድሮ አካባቢው ባቄላ በጣም ይበቅል ነበር፣ ሰዉም ኪሱ ውስጥ ይዞ እየቆረጠመ ይሄድ ነበር ይባላል፣ ልክ እንደኔ። እሳቸው ራሳቸው ባቄላ ናቸው፣ እናታቸውም ባቄላ ነበሩ። አሁንም ከተማው ውስጥ ልጅ ሲወለድ በጨርቅ የተሰራ ባቄላ አሻንጉሊት ይሰጠዋል፣ የልጅ ልጃቸው ልጅ ባለፈው ዓመት አግኝቷል። ባቄላዋን ግን አልበሏትም፣ መሃረባቸው ውስጥ ጠቅልለው ኮታቸው ኪስ ከተቷት፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ለእህቴ ልጅ አንዷን የጨርቅ ባቄላ ገዛሁ፣ አረንጓዴ፣ አይንና ፈገግታ ያላት። ባህር ዳር የደረስኩ እለት ሻንጣዬን ስከፍት እማዬ መጀመሪያ ያነሳችው እሷን ነው። አገላብጣ አየቻት።

"ምንድነው ይሄ?"

"ባቄላ ነው እማዬ።"

"ሁለት ኪሎ ሰጥቼህ ሄደህ፣" አለች አሻንጉሊቷን እያራገበች፣ "አንድ ይዘህ መጣህ?"